አንዴ ብቻ የሚጠየቅ ቴሌስኮፕ

ሣራ ደገፉ የሞተችው በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ በዴሳ አጠገብ በሚገኘው የአባቷ ቤት ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። በዩኒቨርሲቲው መዝገብ «ሌክቸረር፣ ፊዚክስ» ተብላ ተጽፋለች። ስህተት የለበትም፤ ስለ እሷ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። እዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና ራሷ የነገረችኝን ሲሆን፣ ከሌላ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁት እጠቅሳለሁ።

አባቷ ደገፉ ቦልቴ በበዴሳ ገበያ እህል ይነግድ ነበር። እናቷ አሳየሽ ከሣራ በፊት ሁለት፣ ከሣራ በኋላ አንድ ልጅ ቀብራለች። የተረፈችው ሣራ ብቻ ናት። ይህ በዚያ መንደር ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት ከሩቅ የሚመጣ ለቀስተኛ እያለቀሰ ወደ ግቢው ሲቀርብ፣ የሟች ልጅ ተነሥቶ በደጅ ይቀበለዋል። ልጅ ከሌለ ለቀስተኛው ማንን እንደሚያጽናና አያውቅም፤ ተመልሶ ሲሄድም «ለማን አለቀስን?» ይላል። ስለዚህ ሳምንቱ እስኪሞላ የሟች ልጅ ከግቢ አይወጣም። ሣራ ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች። ደገፉ ራሱ «እኔ ስሞት ደጄ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ እሷም «ገና ብዙ እህል ትሸጣለህ» ትለው ነበር።

በኋላ ገዥ የሆነው ግንባር ወታደሮች በ1983 ሶዶ ሲገቡ ሣራ አንደኛ ክፍል ነበረች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን ዲላ፣ ሁለተኛዋን አዲስ አበባ ሠራች። የሶዶው ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ጥቂት ሳይቆይ ተቀጠረች። እኔ ሪጅስትራር ቢሮ ነበርኩ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተን ስምንት ዓመት ኖርን።

የምታጠናውን ነገር ለእኔ ያስረዳችኝ አንድ የክረምት ጠዋት ወደ ሥራ ስንወርድ ነው። ዳሞታ ጉም ለብሶ ነበር፤ ከላይ የሚወርዱ መኪኖች መብራት አብርተው ይመጣሉ።

«ያ መኪና ታየሽ?» አለችኝ።

«መብራቱ።»

«ወደኛ ስለዞረ ነው። ወደ ሌላ የዞሩትን አናያቸውም። የሉም ልንል ነው?»

ሁለት የሞቱ ከዋክብት፣ ኒውትሮን ኮከብ የሚባሉ፣ እርስ በርስ ሲዞሩ ኖረው ይጋጫሉ። በግጭቱ ከሁለት ሰከንድ የማይበልጥ የጋማ ጨረር ብልጭታ ይወጣል። ብልጭታው በየአቅጣጫው አይረጭም፤ ከቧንቧ ጫፍ እንደሚፈናጠር ውሃ በጠባቡ ተሰብስቦ ይወረወራል። ይህን ውርወራ ጄት ይሉታል። ወደ ምድር የዞረውን ብቻ እናያለን። ጄቱ ጠባብ ከሆነ አንድ ባየን ቁጥር ያላየናቸው ብዙ ናቸው፤ ሰፊ ከሆነ ጥቂት። የሣራ ሥራ የጄቱን ስፋት መለካት ነበር።

መለኪያው ከብልጭታው በኋላ የሚቀረው የኤክስሬይ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ቀስ እያለ ይከስማል። መጀመሪያ ጄቱ በጣም ስለሚፈጥን የሚታየን መሃሉ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጎኑም እየተጨመረ ይታየናል። ጠርዙ ላይ ሲደረስ ግን የሚጨመር ነገር ያልቃል፤ ብርሃኑ ቁልቁል ይወርዳል። መውረድ የጀመረበት ጊዜ ከታወቀ ስፋቱ ይታወቃል። ኤክስሬይ የምድርን አየር ስለማያልፍ ይህ የሚታየው ከጠፈር ብቻ ነው። ስዊፍት የተባለው ሳተላይት ብልጭታውን ያገኝና ለአንድ ቀን ያህል ይከታተለዋል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ስለሚደክምበት ቻንድራ የተባለውን ትልቁን የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ መለመን ያስፈልጋል።

ሣራ የነበረችበት ቡድን ሰባት ሰዎች ነበሩት፤ አምስቱ በውጭ አገር፣ እሷ ሶዶ፣ መሪያቸው ዶክተር ገብረአማኑኤል አዲስ አበባ። በዚያ ዓመት ቻንድራን አንዴ ብቻ እንዲጠይቁ ተፈቅዶላቸው ነበር። በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ተስማሚ ብልጭታ ከታየ በፈረቃው ያለው ሰው ዳታውን አይቶ፣ ቴሌስኮፑ መቼ እንዲያይ ወስኖ ጥያቄውን ይልካል። ከቸኮለ ጠርዙ ላይ ገና ስላልተደረሰ የሚለካ ነገር አያገኝም፤ ከዘገየ ብርሃኑ ራሱ የለም። ሣራ ሰባት ዓመት የሌሎችን ዳታ ስታሰላ ኖራ ነበር። ጥያቄውን በራሷ እጅ ልካ አታውቅም።

በ2009 ኅዳር ደገፉ በደረት ሕመም ሞተ። ሣራ ለፈረቃ የተመደበችው ያን ሳምንት ነበር። ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወዲህ የስልክ ኢንተርኔት ተዘግቷል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ግን መስመር ነበር።

በቀብሩ ማግሥት ከድንኳኑ ኋላ፣ ቦዬ የሚሉት ሥራሥር የተተከለበት ጓሮ ቆመን ሳለ ስልኳ ጮኸ። ክሪስታል የሚያጠናው የቢሮ ተጋሪዋ በኃይሉ ነው፤ ድምፁ ከፍ ስለሚል እኔም እሰማው ነበር።

«ሣሪ፣ በዚህ ሰዓት መደወሌ ነውር ነው። ግን ኮምፒውተርሽን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፈንድቷል።»

«አጭር ነው?»

«ከአንድ ሰከንድ በታች። ስዊፍት ዞሮ አይቶታል። ኤክስሬዩ ደማቅ ነው ይላሉ።»

ሣራ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። «አንብብልኝ።»

ቁጥሮቹን አነበበላት። ሁለቴ አስደገመችው።

«የመጨረሻዋ ነጥብ ስህተቷ ስንት ነው? የባዶውን ሰማይ ብርሃን ከየት ለክተው ቀነሱት?»

«እሱን አላውቅም።»

«ምስሉን ክፈተው። ጎኑ ላይ ሌላ ኮከብ አለ?»

«ነጠብጣብ ነው የማየው፣ ሣሪ። የይለፍ ቃልሽን ስጪኝ፤ ያልሽኝን ጽፌ ልላከው።»

«ያላየሁትን ዳታ አምኜ የሰባት ሰው ዕድል ላቃጥል?»

«ለጨው ክሪስታል ዓይን አለኝ፤ ለኮከብ ሲሆን ዕውር ሆንኩ ማለት ነው?»

ፈገግ አለች። አባቷ ከሞተ በኋላ ፈገግ ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉን ግን አልሰጠችውም።

ወዲያው ዶክተር ገብረአማኑኤል ደወለ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ካለ በኋላ «ፈረቃውን ለሌላ ልስጠው?» አላት።

«አይስጡት ዶክተር። እደርሳለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

ሄዳ ለአጎቷ ነገረችው። ጩማ ቦልቴ የደገፉ ታላቅ ወንድም፣ የመንደሩ እድር ዳኛ ነው። ንግግሩ በወላይትኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«ሶዶ? ለምን?»

«ሥራ ነው ጋሼ። አንድ ነገር ሰማይ ላይ ታይቷል። ቶሎ ካልተላከለት ይጠፋል። ደርሼ እመለሳለሁ።»

«የሞተ ነገር ነው አይደል የምታዩት? አባትሽ እንደዚያ ነበር የሚነግረን።»

«አዎ።»

«መቼ ሞተ?»

«በጣም ቆይቷል። ሰው ሳይፈጠር።»

«እንግዲያው ያ ሟች እስከ ዛሬ ጠብቆሻል፤ ጥቂት ይጨምር። ወንድሜ ትናንት ነው የተቀበረው።» በአጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቃቸውን ዋጡ። እሱ ግን አልሳቀም። «ከቢጠና ዘመዶቻችን በሁለት መኪና ተነሥተዋል። የአባትሽ እናት ወገን ናቸው። እነሱ ደጁ ላይ ካገኙሽ በኋላ እኔ ራሴ መኪና ላይ አሳፍርሻለሁ።»

ሣራ ተስማማች። የቢጠናዎቹ በማግሥቱ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። አልመጡም። አዋጁ በወጣባቸው ወራት ብዙ ሰው በአንድ ላይ ጭኖ ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር እዚያው ተይዘው ነበር። ሣራ ቀኑን ሙሉ ከድንኳኑ አፍ ሳትርቅ ተቀመጠች። ለቀስተኛ ሲመጣ ትነሣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትቀመጣለች። መሃል ላይ ጣቷን ጉልበቷ ላይ ታንቀሳቅስ ነበር፤ የምትቆጥር መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት በኃይሉ ካነበበላት ቁጥሮች የብርሃኑን መውረጃ በልቧ እያሰላች እንደነበር ነገረችኝ።

ዶክተር ገብረአማኑኤል ማታ ደወለ። «ነገ» አለችው። በሦስተኛው ቀን አልደወለም። ለምን ፈረቃውን እንዳልወሰደባት ከዓመት በኋላ ጠየቅሁት። «ሐዘንተኛን ደጋግሞ መጨቅጨቅ ከበደኝ» አለኝ። «የውጭ አገር ሰው ብሆን በመጀመሪያው ቀን እወስድባት ነበር።»

በሦስተኛውም ቀን የቢጠናዎቹ አልመጡም። በአራተኛው ቀን ንጋት ሣራ ነጠላዋን አጣጥፋ እናቷ አጠገብ አኖረች። አሳየሽ ነቅታ ታያት ነበር። እኔ አብሬያት ወጣሁ። ጩማ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሳይመጡ?»

«ደርሼ ማታ እመለሳለሁ ጋሼ።»

«ኤክስሬይ ነው አሉ ሥራሽ። የወንድሜን ደረት አንድ ቀን አነሣሽው?»

በጎኑ አልፋ ወጣች። ከምትሰማው ስድብ ሁሉ ይህ እንደሚከብዳት አውቆ የተናገረው ይመስለኛል። በሞተር እስከ በዴሳ፣ ከዚያ በሚኒባስ እስከ ሶዶ ሄድን። በመንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችው፤ ሾፌሩን «ፍጠን» አለችው።

ቢሮ እንደገባን ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ዳታውን ከፈተች። በኃይሉ ወንበሩን ለቆ ከኋላዋ ቆመ።  ብርሃኑ እስከ መጀመሪያው ቀን ማብቂያ ድረስ ቀስ እያለ ወርዷል፤ ከዚያ ወዲያ ስዊፍት የሚያየው ነገር የለም። ጠርዙ የሚጠበቀው ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ቀናት እንጂ ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ያነበብክልኝ ቁጥሮች ልክ ነበሩ» አለችው።

በኃይሉ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

ጥያቄውን ጽፋ ላከች። ከተቻለ ዛሬውኑ ብላ ጻፈች። ጋሪ የሚጎትት እንስሳ እንኳ አቅጣጫ ለመቀየር ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰማይ ላይ ያለን ትልቅ ቴሌስኮፕ ከተመደበለት ሥራ አውጥቶ ማዞር ቀናት ይወስዳል። ተቀብለናል የሚል መልስ መጣ፤ የሚያየው ግን ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ማታ በዴሳ ስንመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። የቢጠናዎቹ እኩለ ቀን ላይ ደርሰዋል። እያለቀሱ ወደ ደጁ ሲቀርቡ የተቀበላቸው አልነበረም። አሳየሽ ተነሥታ ልትቆም ሞክራ አልቻለችም አሉ፤ ይህን የነገሩኝ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። የቢጠናዎቹ ታላቅ «የደገፉ ልጅ አልነበረችም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ጩማም «ልጅ አልነበረውም» ብሎ መለሰ። ሣራ በድንኳኑ ውስጥ ስታልፍ አንድም ሰው አልተነሣላትም። ሳምንቱን እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ የመጣ እንግዳ ግን እናቷን ብቻ እያየ ነው ያለፈው።

የቻንድራ ምስል ሲመጣ ሶዶ ነበርን። በኃይሉ በሩን ዘጋ። ምስሉ ጥቁር አራት ማዕዘን ነው፤ በላዩ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ተበትነዋል። እያንዳንዱ ነጥብ ከሰማይ የደረሰ አንድ የኤክስሬይ ቅንጣት ነው። ሣራ ብልጭታው የነበረበትን ቦታ በትንሽ ክብ ከበበችው። በክቡ ውስጥ አንድ ነጥብ ነበረ።

«ይኸው!» አለ በኃይሉ።

«አንድ ነው» አለች።

«አንድስ ቢሆን? እሱ አይደለም?»

«ሊሆን ይችላል። ባዶ ሰማይም እንዲህ ዓይነት ነጥብ ይጥላል። ከክቡ ውጭ ያሉት ሁሉ ከየት የመጡ ይመስልሃል?» ምስሉን አጉልታ አየችው። «ብርሃኑ መውረዱንማ አወቅን። መውረድ የጀመረው መቼ እንደሆነ ነበር የምንፈልገው። በአምስተኛው ቀን ቢታይ ኖሮ እናውቀው ነበር።»

ከቡድኑ አንዱ ያቺን ነጥብ እንደ ግኝት እንቁጠራት የሚል አሳብ ልኮ ነበር። ሣራ አልፈቀደችም። ጽሑፉ ሲወጣ የጄቱ ስፋት ከተወሰነ ልክ እንደማይበልጥ፣ ከዚያ በታች ምን ያህል እንደሚጠብ ግን በትክክል እንደማይታወቅ ይናገራል። ዶክተር ገብረአማኑኤል ይህም ጥቅም አለው አላት። «አለው» አለች፤ ወሬውን ግን አልቀጠለችም። በዚያ ዓመት ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም።

በአንድ እግሯ ለቅሶ፣ በሌላው እግሯ ሥራ ላይ ልትቆም ሞከረች፤ ከሁለቱም ወደቀች። ፈረቃውን በመጀመሪያው ቀን ለሌላ ብትሰጠው ኖሮ አባቷን በወጉ ትቀብር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብትሄድም ኖሮ ጠርዙን ታገኘው ነበር። ይህን ራሷ ነግራኛለች፤ እኔ ከራሴ የጨመርኩበት የለም።

እድሩ ከአባቷ ሳምንት በኋላ ተሰብስቦ ወሰነ። ሣራ ብትሞት ጉድጓድ ይቆፈርላታል፤ ይህ ለማንም አይከለከልም። ድንኳን ግን አይተከልም፤ የሚቀመጥላትም ሰው አይኖርም። በጊዜው የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበረችና ነገሩ ማስፈራሪያ ብቻ መሰለኝ። እሷ ግን ውሳኔውን ስትሰማ «እናቴስ?» ብላ ጠየቀች። እናትዬው በእድሩ እንደምትቀጥል ሲነግሯት «ጥሩ» አለች።

በ2010 መጀመሪያ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ከሆዷ ተነሥቶ ጉበቷ ደርሶ ነበር። ለሕክምና አዲስ አበባ በተመላለሰችበት ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ መታየታቸው ለዓለም ሁሉ ተነገረ። ኤክስሬዩን ቻንድራ ከቀናት በኋላ አግኝቶት ነበር። በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ በስልኬ አነበብኩላት።

«በስንተኛው ቀን አገኙት?» አለች።

«በዘጠነኛው።»

«እነሱ ከጎኑ ነው ያዩት፤ ለዚህ ነው የዘገየው። የእኛው ፊት ለፊታችን ነበር።» ቀጥላ «በደንብ አንብቢው፤ ማዕዘኑን ስንት ብለውታል?» አለች። አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ቅናት አላየሁባትም። ካየሁባት እጽፈው ነበር።

ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ሲሉ ሶዶ እንድትቆይ ለመንኳት። እናቴ ጋ ውሰጂኝ አለች። በኃይሉ መኪና ለምኖ አመጣ። አሳየሽ ሁለት ወር አስታመመቻት። ጩማ ቤቱ ሁለት አጥር ወዲያ ነው፤ አንድ ቀን አልመጣም።

የሞተች ቀን ዝናብ ነበር። የእድሩ ወንዶች መጥተው ከደገፉ መቃብር አጠገብ ቆፈሩ። ወንጌላዊው አጭር ጸሎት አደረገ። ቀብረው፣ በደጃፉ ላይ እጃቸውን ታጥበው፣ ዶማና አካፋቸውን ተሸክመው ሄዱ። ድንኳን አልተተከለም። ቤት ውስጥ የቀረነው አሳየሽ፣ በኃይሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት ሴቶችና እኔ ነበርን። የገበያ ቀን ስለነበር በመንገዱ ላይ ብዙ ሰው ወደ በዴሳ ያልፍ ነበር። ከቤቱ ትይዩ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ካለፉ በኋላ እንደገና ያወራሉ።

አሳየሽ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ሐመልማል፣ ያን ጊዜ አብረሻት ነበርሽ። የሄደችበትን ነገር አየችው?»

በኃይሉ ቀና አለ። «እማማ፣ የስፋቱን ገደብ እኮ…» ብሎ ጀምሮ ተወው።

«አላየችውም እማማ» አልኳት።

«ትንሽ እንኳ?»

«አንድ ነጥብ። የእሱ ይሁን አይሁን አይታወቅም።»

አሳየሽ ግንዱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገች። የማይቀጣጠል እርጥብ እንጨት ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ጩማ ቢመጣ እንዲህ ብለሽ እንዳትነግሪው። አይታለች በይው።»

«እሺ» አልኳት።

ሳምንቱ እስኪሞላ ተቀመጥን። ጩማ አልመጣም። ያን ውሸት የምነግረው ሰው በዚያ ደጅ አልገባም።